ኦክስፎርድን የሣላት ማን ነው?

ድሮ በእጅ የተሣሉ የከተማ ካርታዎች ለምትወዱ ሁሉ፦ የዴቪድ ሎጋንን ኦክስፎርድ ፈልጋችሁ እዩ። የታተመው በ1675 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። መጀመሪያ ግር ያሰኛል፤ ደቡቡ ከላይ፣ ሰሜኑ ከታች ነው። ስልካችሁን ብታዞሩት ደግሞ ቤቶቹ በአናታቸው ይቆማሉ፤ ሠዓሊው ከተማዋን ያያት ከሰሜን በኩል፣ ከከፍታ ላይ ሆኖ ነዋ።

አጉልታችሁ ስታዩት የየኮሌጁ ግቢ ለብቻው ይወጣል፤ አጥሩ፣ የዛፎቹ ረድፍ፣ ጥልፍ የመሰለው የአትክልት መደብ። የክሪስቶፈር ሬን ሼልዶኒያን አዳራሽ ገና አዲስ ነው። ዛሬ ቱሪስት ሁሉ ፎቶ የሚነሣበት ባለጉልላቱ ራድክሊፍ ካሜራ ግን የለም፤ ቦታውን መኖሪያ ቤቶች ይዘውታል። ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት አለ። ጄምስ ብሩስ ከአገራችን ከወሰዳቸው የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች አንዱ፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የገባው እዚያ ነው። ዓይኔ እዚያ ላይ ትንሽ ቢቆይ አትፍረዱብኝ።

የከተሜው ቤትስ? ጣሪያ፣ ጣሪያ፣ አሁንም ጣሪያ። የዳቦ ጋጋሪውን ከጠማቂው መለየት አይቻልም። ሎጋን ከ1669 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው መዳብ ቀራጭ ነበር፤ የበላበትን ወጪት ሰባሪ አልሆነም።

እኔን የሚስበኝ ግን ካርታው ያልነገረን ነው። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1355፣ ካርፋክስ መስቀለኛው መንገድ ላይ በነበረ መጠጥ ቤት፣ ተማሪዎች «ወይኑ አይረባም» ብለው ከባለቤቱ ጋር ተጣሉ። ጠቡ ቀስት አስመዘዘ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማውና ተማሪው ተጋደሉ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ። ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ። ከንቲባውም በየዓመቱ በዚያው ቀን ከከተማው ሰዎች ጋር ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን እየሄደ፣ ሞቱ ለተባሉት 63 ተማሪዎች በነፍስ ወከፍ አንድ ፔኒ እንዲከፍል ተወሰነበት። ሥርዓቱ የቀረው በ1825 ነው። ሎጋን መዳቡን ሲቀርጽ ዕዳው ገና አላለቀም ነበር ማለት ነው። ካርፋክስም ማርያምም ካርታው ላይ አሉ፤ ሃይ ስትሪትን በጣታችሁ ብትከተሉት ጥቂት እርምጃ ነው።

በ1955፣ በ600ኛ ዓመቱ፣ ዩኒቨርሲቲው ለከንቲባው የክብር ዲግሪ ሰጥቶ ታረቁ። ሽማግሌ ጠፍቶ ነው እንጂ ይህን ያህል ባልቆየ።