ከዘቢዳር ወዲህና ወዲያ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ወደ አንድ መጠጥ ቤት ጎራ ብሎ የመስታወት ፍሪጁን በአንክሮ ለሚመለከት ሰው፣ አገሩ በጠርሙስ ተሞልቶ ተራ በተራ የቆመ ይመስለዋል። ሐረር ከተማ ነው፤ በደሌ ከተማ ነው፤ ዳሸን ተራራ ነው፤ ዋልያ የሰሜን ተራሮች እንስሳ ነው። ከሁሉም ቀድሞ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተወለደው ጊዮርጊስ ደግሞ ፈረሰኛው ቅዱስ ነው። እንግዲህ ቢራ የሚያዝ ሰው መጠጥ ብቻ አይጠራም፤ አገር ይጠራል። ጥማቱ የሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ስም መጥራት ሲመጣ ግን ሰው ሁሉ ወደየመንደሩ ይመለሳል።

ምርጫን ምላስ ብቻ የሚወስነው አይመስለኝም። ዐይኑን ተሸፍኖ ቢቀምስ ጊዮርጊስን ከሜታ የሚለይ ጠጪ ስንት ይሆን? ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ የባለቤትነቱ ነገር ነው። የሰበታው ሜታ አቦ በብሪታኒያው ዲያጆ እጅ አሥር ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የጊዮርጊስ ባለቤት ለሆነው ለቢጂአይ ተሸጠ። ሐረርንና በደሌን እ.ኤ.አ. በ2011 የኔዘርላንዱ ሃይኒከን ገዛቸው፤ ዋልያም የእርሱ ልጅ ነው። የጊዮርጊስና የሜታ ወዳጆች ጠረጴዛ እየደበደቡ ሲከራከሩ ቢያመሹ ገንዘቡ የሚያድረው በአንድ ካዝና ነው። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ገንዘብ የት እንደሚያድር ማሰብ ልማዴ ሆኗል። ይህን ስነግራቸው ግን ክርክሩን የተወ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሰው የሚሟገተው ለፋብሪካ አይደለማ! አባቱ ይጠጡት ለነበረው፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ለተጎነጨበት ጠርሙስ ነው።

በሥራ ምክንያት ሁለቱንም ከተሞች ኖሬባቸዋለሁ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ፀሐይ የማይሳሳላት ከተማ ናት። አመሻሽ ላይ የሚፈለገው ላብ ያሰመጠው ቀዝቃዛ ጠርሙስ ነው፤ ከጅማ በኩል የሚመጣው መንገደኛም በደሌን በስሙ ይጠራል። ቡታጅራ ግን ከተራራ ሥር የተቀመጠች ናት፤ ማታ ማታ ነፋስ ይወርድባታል። እዚያ «ያልቀዘቀዘ ይሁንልኝ» የሚል ድምፅ ይበረክታል፤ ድራፍቱም በጃምቦ ተይዞ ቀስ እየተባለ ይጠጣል። ወልቂጤ ለጥማቷ፣ ቡታጅራ ለጨዋታዋ ትጠጣለች ብል የሁለቱም ልጆች የሚቆጡኝ አይመስለኝም።

በሁለቱ መካከል የቆመው የዘቢዳር ተራራ ነው። ቁመቱ ከ3,500 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ደጋ፣ በእነ ጉመርና ጌታ፣ ገብስ ይበቅላል። በ2009 ዓ.ም. ከወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ላይ የቢራ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር የወረሰው የዚህን ተራራ ስም ነበር። ፋብሪካውን ያቋቋሙት በአክሲዮን የተሰባሰበው ጀማርና የቤልጂየሙ ዩኒብራ ናቸው። አዋጥቶ መሥራት ለጉራጌ ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ በ1950ዎቹም ብር አዋጥቶ የራሱን የመንገድ ሥራ ድርጅት ያቆመ ሕዝብ ነው። ፋብሪካው ውሎ አድሮ በዚያው በቢጂአይ ጥላ ሥር ገባ፤ ስሙ ግን ስማችን ነበር። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ስከፍት ከምላሴ ቀድሞ የቀመሰው ኩራቴ ነው። ጣዕሙን የጠየቀኝ ቢኖር ኖሮ የምመልሰው ስለ ተራራው ይሆን ነበር። ቡታጅራ ላይ ደግሞ አንድ አዛውንት ጠርሙሱን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ተራራውን እያሳዩ፣ «እኛ ቆመን ስናየው እነሱ ጠመቁት!» ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ።

ሆኖም ስለ እኛ ከተሞች መጠጥ ሲነሣ ቢራ ብቻ ከተወራ ግማሹ ነገር ተረሳ ማለት ነው። እንሰት በሚመግበው አገር የዕለት መጠጥ ቡና ነው፤ በቅቤና በጨው ሲሆን ደግሞ ምግብም መስተንግዶም ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑም በአንድ ሰፈር ተደባልቆ ነው የሚኖረው። አልኮል በአፉ የማይዞር የመስቃን ልጅ ባልደረባ አለኝ። ማታ ጠረጴዛችን ያለ እርሱ አይሞላም። አምቦ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል፤ ጨዋታውን የሚያደምቀውም፣ እግሩ የከዳውን ጓደኛ ደግፎ ቤቱ የሚያደርሰውም እርሱ ነው። ለመስቀል ቤቴ ሲመጣ ቆጮ በአይብና ቡና ይቀርብለታል፤ ለዐረፋ ደግሞ እናቱ ያን ቅቤ የገባበት ቡና ለእኔ ይቀዱልኛል። የጠረጴዛችን ሕግ ይኸው ነው፤ ማንም የጎረቤቱን ብርጭቆ አይመረምርም።

ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። አስተዳደር የራሱ ምክንያት አለው፤ ብዕሬን ያነሣሁትም ለእርሱ አይደለም። የሚያሳስበኝ የጠረጴዛው ነገር ነው። «እናንተ» እና «እኛ» የሚሉት ቃላት በጨዋታ መካከል ጣልቃ ሲገቡ ሳቁ እንደሚቀጥን ካስተዋልሁ ሰነበትሁ። ስለ ቢራ ስም የሚነሣው ክርክር ጠርሙሱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ይኸኛው ግን ከጠጪው ጋር ቤት ይገባል፤ ልጆችም ይሰሙታል። በእንዲህ ያለ አንድ ምሽት፣ በሒሳብ ወረቀት ጀርባ ይህችን ሞነጨርሁ፦

አንተ ጊዮርጊስ በል፣ እኔ ግን ዘቢዳር፣
እሱም አምቦ ይበል፣ ከጠረጴዛው ዳር፤
ጠርሙስ ቢለያየን፣ አይለየን ነገር፣
አንድ ተራራ ነው፣ ለሁላችን አገር።

ወረቀቱን ለባልደረባዬ አቀበልሁት። ሁለት ጊዜ አነበበና፣ «አምቦውን ለምን ዳር አስቀመጥኸው? መሃል አድርገው እንጂ» አለኝ። መሃል ባደርገው ቤት አይመታም አልሁት። «እንግዲያው ስንኙ ይፍረስ፤ ቤቱ ይቁም» ብሎ አምቦውን ከፈተ።