የሰንበት እንግዳ

ከወረታ ወደ ጎንደር በሚያቀናው መንገድ፥ አዲስ ዘመን ሳይደረስ ከምትገኘው ከይፋግ ተነሥተው ባሕር ዳር ዘመድ ጥየቃ የወረዱ አንዲት ባልቴት፥ ሰንበት ሳላስቀድስ አይለፈኝ ብለው ደወል ወደ ሰሙበት ቢያመሩ፥ ሳያውቁት ከካቶሊካውያን ደብር ገቡ አሉ። ነጠላቸውን አመሳቅለው፥ ዕጣኑም የግእዙ ዜማም የለመዱት ሆኖ ቢያገኙት አንጀታቸው ራሰ፤ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ባዩ ጊዜማ «ለጉልበቴ ያሰበ ይባረክ» ብለው ዐረፍ አሉ። ኋላ ግን የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም በጸሎቱ መካከል ሲጠራ፥ ወደ አጠገባቸው ልጅ ጠጋ ብለው፥ «እኒህ አባት የየት አገር ናቸው፥ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ። ልጅቱም አስረድታ ሻይና ዳቦ ጋበዘቻቸው። ይፋግ ተመልሰው ለማኅበርተኞቻቸው የሰጡት ምስክርነት፥ «ቅዳሴያቸው ደግ ነው፤ ሰንበቴያቸው ግን ጠላ የለውም» የሚል ነበር።

ባልቴቷ ያስቀደሱበት ደብር የሚገኝበት የባሕር ዳር–ደሴ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፥ በዕለተ ጥምቀት ነው፤ ምእመናኑም ፋሲካን ከኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ።