ወለል የሌለው ሊግ

ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለው የአትክልት ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ስለ ኳስ ብዙም አያውቁም። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ቢጠየቁ ይስቃሉ። የከፍተኛ ሊግ የጨዋታ ቀን ግን አያመልጣቸውም። በዚያ ቀን ስልካቸውን ከሚዛኑ ጎን ያስቀምጣሉ። ጨዋታው ያልቃል ብለው ሲያስቡ ጎን ያለውን ጫኝ ልጅ ይጠሩና "እስቲ እየው፣ ስንት ለስንት ወጡ?" ይሉታል። እሱም ቴሌግራም ከፍቶ ያነብላቸዋል። ውጤቱን ከሰሙ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ "ተጎዳ የሚል ነገር የለም አይደል?"

ልጃቸው 22 ዓመቱ ነው። በግራ መስመር ተከላካይነት ይጫወታል። ያደገው ላፍቶ፣ ክረምት ጭቃ በጋ አቧራ በሆነ የሰፈር ሜዳ ላይ ነው። በፕሮጀክት ታቅፎ ሠለጠነ፣ ታየ፣ ከዚያም አንድ የክልል ከተማ ክለብ አስፈረመው። የፈረመ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ "ልጁ አለፈለት" አለ። እናትየው ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደመወዝ ገባ። አራተኛው ዘገየ፣ አምስተኛው ቀረ። "በጀት አልተለቀቀም" ተባለ። ከዚያ "ከንቲባው ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባለ። ከዚያ ምንም የሚባል ነገር ጠፋ። ለገና በዓል ወደ ቤቱ ሲመጣ የትራንስፖርቱን የላኩለት እናቱ ናቸው። ልጅ ለእናቱ ይልካል ተብሎ በተጠበቀበት ዓመት፣ እናት ሽንኩርት ሸጣ ለልጇ በቴሌብር ላከች።

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ለማዘን እንጂ ለመነጋገር አይበቃም ነበር። ነገር ግን የከፍተኛ ሊግን ወሬ የሚከታተል ሰው ይህን ታሪክ የክለቡንና የከተማውን ስም እየቀየረ በየዓመቱ ሰምቶታል። ልምምድ ያቆሙ ቡድኖች አሉ፣ ካምፕ ውስጥ ምግብ ያጡም አሉ፣ ደመወዛቸውን ፍለጋ የፌዴሬሽኑን ደጅ የሚጠኑ ተጫዋቾችም አሉ።

"ታዲያ ሁለተኛ እርከን አይደል? ማን ያየዋል?" የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ ሰው አንድ ቀላል ቆጠራ እናቅርብለት።

ከ2010 እስከ 2017 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የ2012ቱ ውድድር በኮቪድ ምክንያት ተሰረዘ፤ የተጠናቀቁት ሰባት ናቸው። 2014ን እና 2015ን ቅዱስ ጊዮርጊስ ወሰደ። የቀሩትን አምስት ዋንጫዎች እነማን ወሰዱ? 2010ን ጅማ አባ ጅፋር፣ 2011ን መቐለ 70 እንደርታ፣ 2013ን ፋሲል ከነማ፣ 2016ን ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ 2017ን ኢትዮጵያ መድን። አምስቱም ዋንጫውን ካነሱበት ዓመት ቀደም ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከከፍተኛ ሊግ የወጡ ክለቦች ናቸው። ጅማም ንግድ ባንክም ባደጉበት በመጀመሪያው ዓመት ነው ሻምፒዮን የሆኑት። በጅማ፣ በመቐለና በመድን ዋንጫውን ያነሳው አሰልጣኝ ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ገብረመድህን ኃይሌ።

ስለዚህ "ማን ያየዋል" የተባለው ሊግ የአገሪቱን ሻምፒዮኖች ሲያዋጣ የኖረ ሊግ ነው። በሩ ክፍት ነው። የተበላሸው ወደ በሩ የሚያወጣው ደረጃ ነው። ወጥተው የሚጸኑት አብዛኛውን ጊዜ ከኋላቸው ባንክ ወይም ጠንካራ ድርጅት ያላቸው ሆነዋል። ለገጣፎ ለገዳዲ በ2014 ወጣ፣ በ2015 ተመለሰ። ሀምበሪቾ ዱራሜና ሻሸመኔ ከተማ በ2015 ከንግድ ባንክ ጋር አብረው ወጡ። በዓመቱ ንግድ ባንክ ዋንጫ ሲያነሳ እነሱ ወረዱ። የጅማ አባ ጅፋር ዕጣም ያስተምራል፤ በ2010 ሻምፒዮን፣ በ2014 ወራጅ።

አንድ ከሩቅ አገር የመጣ ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አየርላንዶች ኸርሊንግ የሚሉት ጨዋታ አላቸው። ጫፉ ሰፋ ባለ ዱላ ትንሽ ኳስ እየመቱ የሚሮጡበት፣ ላየው ሰው የእኛን የገና ጨዋታና ሩሩን የሚያስታውስ ነው። የዚህ ጨዋታ ሁለተኛ እርከን ጆ ማክዶና ዋንጫ ይባላል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የተጀመረና ስድስት ቡድኖች የሚፋለሙበት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ይህንን ዋንጫ ያነሳው ሊሽ የተባለ ካውንቲ በዚያው ዓመት ዋና ከተማይቱን ደብሊንን አሸንፎ አገር ጉድ አሰኝቷል።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። እነዚያ ተጫዋቾች ደመወዝ የላቸውም። የላይኛው እርከን ተጫዋቾችም የላቸውም። እሑድ ተጫውተው ሰኞ ወደ መምህርነታቸው፣ ወደ እርሻቸው፣ ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ። የጉዞ ወጪያቸው ይተካላቸዋል። ማንም ግን አልተታለለም። "አንከፍልህም" ተብለው ነው የገቡት፤ ሕይወታቸውንም በዚያ ልክ አደራጅተዋል።

የእኛ ልጅ ግን "እንከፍልሃለን" ተብሎ ነው የገባው። ትምህርቱን ያቆመው፣ ከተማውን የለቀቀው፣ ሌላ ሥራ ያልያዘው በዚያ ቃል ነው። ቃሉ ሲታጠፍ ባለሙያ ተጫዋችም ሳይሆን፣ እንደ አየርላንዱ ሠራተኛ አማተርም ሳይሆን መሐል ላይ ቀረ። ከሁለቱ መንገዶች የትኛውም ያስኬዳል። የማያስኬደው መሐል ላይ መቅረት ነው።

ከተሞችን ሁሉ ጥፋተኛ ማድረግም ተገቢ አይደለም። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። የውሃ መስመር ያልተዘረጋለት፣ የመምህር ደመወዝ የሚዘገይበት ከተማ ለኳስ ተጫዋች ቅድሚያ ይስጥ ብሎ ለመከራከር ድፍረት ይጠይቃል። ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ የአንድ ምድብ ቡድኖች በተመረጠ ከተማ ተሰባስበው የሚጫወቱበት አሠራር ተለምዷል። ክለቡ የሆቴል ይከፍላል፣ የገዛ ደጋፊው ግን ቡድኑን አያይም። ሜዳ መግቢያ ትኬት የለም፣ ማሊያ የሚገዛ የለም። ዲኤስቲቪ በ2013 የገባው ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ነው። ታች ያለው ክለብ ከበጀት ሌላ የሚያየው ገንዘብ የለውም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የማይችል ከተማ ማድረግ ያለበት አለመፈረም ነው እንጂ ፈርሞ አለመክፈል አይደለም።

የአገራችን የእግር ኳስ ክርክር ብዙውን ጊዜ ስለ ጣሪያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ብዙ ተባለ። ከዚያም ወዲህ ክለቦች ለተጫዋች የሚያወጡትን ገንዘብ ለመገደብ ሌላ ሥርዓት ወጣ። ከመጠን በላይ ማን ተከፈለው? በጓሮ ማን ወሰደ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ስለ ወለሉ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጭራሽ ያልተከፈለውን ልጅ ማን ይቆጥረዋል?

መፍትሔው ሮኬት ሳይንስ አይደለም። አንድ ክለብ በከፍተኛ ሊግ ለመመዝገብ ሲመጣ የተጫዋቾቹን የጥቂት ወራት ደመወዝ በዝግ ሂሳብ ያስይዝ። ደመወዝ ሲዘገይ ከዚያ ይከፈል። ማስያዝ ያልቻለ ክለብ አቅሙ በሚፈቅደው እርከን ይጫወት፣ ወይም የከተማውን ልጆች ሥራቸውንና ትምህርታቸውን ሳይለቁ ያሰልፍ። ተጫዋቹ ካመለከተ በኋላ ክለቡን መቅጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ቅጣት የሚመጣው ልጁ ስድስት ወር ከተራበ በኋላ ነው። ማስያዣው ከመራቡ በፊት ይደርሳል።

እናትየው ይህንን ሁሉ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ መገመት አያስቸግርም። የዘንድሮው ውድድር ሲያልቅና ልጃቸው የአምስት ወር ውዝፍ በወረቀት ይዞ ሲመለስ፣ ወረቀቱን አገላብጠው አይተው ያሉት ይህንን ብቻ ነው፦ "ሽንኩርት እንኳ በዱቤ ስሰጥ ቀን እቆርጥለታለሁ።"

ክረምቱን ልጁ ገበያው ውስጥ ከጫኞቹ ጋር ሠራ። ጠዋት ጆንያ ያወርዳል፣ ማታ ሜዳ ወርዶ ይሮጣል። አንድ ዘመድ ሞተር ሳይክል ገዝቶ እቃ እንዲያመላልስበት ሊሰጠው ቃል ገባ። በመሐል ክለቡ ደወለ፤ "ዘንድሮ በጀቱ ጸድቋል፣ ና ፈርም" አለው። ሁለት ሌሊት አሰበ። ሞተሩ የታወቀ ገቢ አለው። ኳሱ ግን የጅማን፣ የፋሲልን፣ የመድንን መንገድ ያሳየዋል። ያ መንገድ ውሸት ቢሆን ኖሮ መተው ይቀል ነበር።

ሄደ። እናቱ ቃሊቲ መናኸሪያ ድረስ ሸኙት። የመመለሻውን ትራንስፖርት ጨምረው በኪሱ ከተቱለት፤ ደመወዙ ቢቀር ልጃቸው መንገድ ላይ እንዳይቀር።

ያቺን የመመለሻ ገንዘብ በኪሱ መክተት የነበረበት ያስፈረመው ሊግ ነው።