በሽፋኑ ላይ የማን ስም አለ?

እኔ በአሜሪካ፣ በቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ ታክሲ የምነዳ ወንድማችሁ ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። ጠመኔውን አስቀምጬ መሪ ከጨበጥኩ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ዘፋኝ ነው። ጨዋታው ግን ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ ስለሚያርፍ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤልቪስ ፕሬስሊን በስም የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። የሮክ ኤንድ ሮል ንጉሥ እየተባለ የሚጠራው ይህ ሰው በ1935 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ቱፔሎ በምትባል ከተማ፣ ሁለት ክፍል ባላት የድሃ ቤት ተወለደ። በ13 ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ሜምፊስ መጥቶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ እዚሁ የጭነት መኪና ነድቶ፣ ኦገስት 16 ቀን 1977 በ42 ዓመቱ ግሬስላንድ በተባለው መኖሪያው ዐረፈ። መቃብሩም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ኦገስት 15 ማታ ከዓለም ዙሪያ የመጡ አድናቂዎቹ ሻማ ይዘው በሰልፍ ወደ መቃብሩ ይወጣሉ። አገራችን ጧፍ ይዞ ለንግሥ የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው ትዕይንቱ እንግዳ አይሆንበትም። ለእኛ ለባለታክሲዎች ደግሞ ያ ሳምንት የመኸር ወራታችን ነው።

ባለፈው ኦገስት፣ በዚያው ቀን፣ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ይዤ ሳለሁ ሁለት ሽማግሌዎች ገቡልኝ። አንደኛው ነጭ፣ ሌላው ጥቁር፤ ሁለቱም ሰባዎቹን ያጋመሱ ናቸው። ዲትሮይት በሚገኝ የመኪና ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተው ጡረታ የወጡ ጓደኛሞች ናቸው። ሁለቱም የኤልቪስ አድናቂዎች ናቸው። በዋጋ ተስማምተን ቀኑን ሙሉ ላዞራቸው ተዋዋልን። ታዲያ ሻንጣቸውን ጭኜ ሳልጨርስ ክርክር ጀመሩ። ጀመሩ ማለቴ ስሕተት ነው፤ ካቆሙበት ቀጠሉ።

መጀመሪያ የወሰድኳቸው ዩኒየን ጎዳና ቁጥር 706 ወደሚገኘው ሰን ስቱዲዮ ነው። ጁላይ 5 ቀን 1954 የ19 ዓመቱ ኤልቪስ ከስኮቲ ሙርና ከቢል ብላክ ጋር ሆኖ «ዛትስ ኦል ራይት» የተባለውን ዘፈን የቀዳው እዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ ነው።

«ሁሉም ነገር የተጀመረው እዚህ ነው» አሉ ነጩ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

«እዚህ አይደለም» አሉ ጥቁሩ። «ዘፈኑን አርተር ክሩዳፕ በ1946 ቀድቶት ነበር። ዓለም የጨፈረበት ዘፈን ባለቤት በ1974 ሲሞት ከዘፈኑ የሚገባውን ድርሻ ሳያገኝ ነው የሞተው።»

«ኤልቪስ መቼ ደበቀ? ክሩዳፕን እየሰማሁ እንደ እሱ መሆን እመኝ ነበር ብሎ በ1956 ለጋዜጣ ተናግሯል እኮ!»

ጥቁሩ ሽማግሌ መልስ ሳይሰጡ ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተ፣ አገርህ ሳለህ ምን ትሠራ ነበር?» አሉኝ። መምህር እንደነበርኩ ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ይህ የአንተ ጉዳይ ነው» ብለው ቀጠሉ። ዘፈኑ በተቀዳ በቀናት ውስጥ ዱዊ ፊሊፕስ የተባለ የሜምፊስ የሬዲዮ አቅራቢ ደጋግሞ አጫወተው። የአድማጩ ስልክ በዛ። ወጣቱን አስጠርቶ ሲያነጋግረው፣ ሁለተኛ ደረጃ የተማረው የት እንደሆነ ጠየቀው። ኤልቪስም ሂዩምስ ብሎ መለሰ። ሂዩምስ የነጮች ትምህርት ቤት ነው። በድምፁ ጥቁር የመሰለው አድማጭ ሁሉ ዘፋኙ ነጭ መሆኑን በአንዲት ቃል ዐወቀ።

የትምህርት ቤት ስም ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሲውል በመምህርነት ዘመኔ ሰምቼ አላውቅም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከፈረደ ያኔ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ሜምፊስ ውስጥ ግን 13 ጥቁር ሕፃናት የነጮች ወደሚባሉት ትምህርት ቤቶች የገቡት ከሰባት ዓመት በኋላ በ1961 ነው።

«ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ? የተጠየቀውን መለሰ» አሉ ነጩ። «ይኸው ልጅ አይደለም ወይ ኢስት ትሪግ ወደሚባለው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን እየሄደ የሬቨረንድ ብሩስተርን ስብከትና መዝሙር ሲሰማ የነበረው? በ1957 ጥቁሮችን የሚያዋርድ ነገር ተናገረ ተብሎ ወሬ ሲነዛበት፣ ጄት የተባለው የጥቁሮች መጽሔት ጋዜጠኛ ልኮ አጣርቶ፣ ወሬው መሠረት የለውም ብሎ አልጻፈም?»

«እኔስ ሌባ ነው አልኩ? ሌባ ብለው ኖሮ ሻማ ላበራለት ከዲትሮይት እመጣለሁ?» አሉ ጥቁሩ።

እኔም ነገሩን ለማብረድ ብዬ፣ «በእኛም አገር የኢትዮጵያው ኤልቪስ የሚባል ዘፋኝ ነበረን» አልኳቸው። ስለ ዓለማየሁ እሸቴ አጫወትኳቸው። በተማሪነቱ የኤልቪስን ዘፈኖች እየዘፈነ፣ አለባበሱንም የአሜሪካ ዘፋኝ እያስመሰለ እንደጀመረ፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር እንደሠራ፣ በ1969 ዐምሃ ሪከርድስ ሥራ ሲጀምር ሸክላ ካሳተመላቸው ዘፋኞች ቀዳሚው እንደሆነ፣ በ2021 እንዳረፈ ነገርኳቸው። ጥቁሩ ሽማግሌ በጥሞና ሰሙኝና፣ «በምን ቋንቋ ነበር የሚዘፍነው?» አሉኝ።

«በአማርኛ።»

«ታዲያ ለምን በራሱ ስም አትጠሩትም?»

መልስ አጣሁ። እኛ ለማሞገስ ያወጣንለት ስም ሰውየውን የሌላ ሰው ጥላ ያደርገዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ግን ወደ ክርክራቸው ተመለሱ። «የእኔ ጥያቄ የስም ጥያቄ ነው» አሉ። «በ1956 'ዶንት ቢ ክሩል' የተባለውን ዘፈን የጻፈው ማነው? ኦቲስ ብላክዌል የተባለ የኒውዮርክ ጥቁር የዘፈን ደራሲ ነው። ሸክላው ላይ ግን የደራሲ ስም ሁለት ነው፤ ብላክዌልና ፕሬስሊ። ኤልቪስ አልጻፈውም። ዘፈኑ በኤልቪስ እንዲቀዳ ከተፈለገ ስሙንም ገቢውንም ማካፈል ግድ ነው ተባለ፤ ብላክዌልም ተስማማ። በ1957 'ኦል ሹክ አፕ' ላይም ይኸው ሆነ።»

ነጩ ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። ቆይተውም፣ «ያ የነጋዴዎቹ ሥራ ነው፤ ብላክዌልም ተጠቅሞበታል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጊዜ መሪው እጄ ላይ ከበደኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አዲስ መምህር ሆኜ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት አንድ አንጋፋ የታሪክ መምህር ነበሩ። ለአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሆን ማስታወሻ ለዓመታት በእጃቸው ጽፈው አዘጋጅተዋል። ዘመኑ ከነምክንያቱ፣ ጦርነቱ ከነውጤቱ በጥያቄና መልስ የተሰናዳ፣ በእጃቸው የሣሏቸው ካርታዎች ያሉበት፣ ስድሳ ገጽ ያህል ነው። «ወጣት ነህ፣ ጉልበት አለህ፤ ለልጆቹ አድርስልኝ» ብለው ሰጡኝ። እኔም አስተየብኩት። ካርታዎቹን እንዳሉ አስገባሁ። ጸሐፊዋ ሽፋኑን ስትሠራ «አዘጋጁ ማነው ልበል?» አለችኝ። ምላሴን ምን እንደያዘው አላውቅም፤ የራሴን ስም ነገርኳት።

በዓመቱ ተማሪዎቻችን ጥሩ ውጤት አመጡ። በመዝጊያው በዓል የምስጋና ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ተሸለምኩ። እኚያ መምህር ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር። አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔም ማንም እንዳልከሰሰኝ ቆጥሬ ዝም አልኩ። ሰዓቷን ወደ አሜሪካ ስመጣ ለእናቴ ትቼላት መጣሁ።

ሽማግሌዎቹ እየተከራከሩ ነው። ነጩ፣ «ቢ.ቢ. ኪንግ በመልካም አልመሰከረለትም? ሊትል ሪቻርድስ በር ከፈተልን አላለም? እነሱ ካልከሰሱት አንተ ምን ቤት ነህ?» አሉ።

ጥቁሩ ሲመልሱ በቁጣ አልነበረም። «ባለ ዕዳውን ይቅር ማለት የአበዳሪው መብት ነው። አበዳሪው ይቅር አለ ተብሎ ግን ዕዳ አልነበረም አይባልም» አሉ።

ወዲያው ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተ ፍረድ!» አሉኝ። ተማሪ የማርም መስሏቸው ሳቁ። እኔ ግን፣ «የምፈርድበት አፍ የለኝም፤ ከባለ ዕዳዎቹ ወገን ነኝ» አልኳቸው። ቀልድ መሰላቸው።

ማታ ግሬስላንድ አድርሻቸው ውጪ ጠበቅኳቸው። በኤልቪስ ስም የተሰየመው ጎዳና በሰው ተሞልቷል። ሁለቱም ሻማ ገዝተው፣ ጥቁሩ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በነጩ ትከሻ ተደግፈው ከሰልፉ ገቡ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲመለሱ አሁንም ይሟገቱ ነበር። የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኤልቪስ በሕይወቱ ዘመን በውድድር ያሸነፋቸው ሦስት የግራሚ ሽልማቶች በሙሉ የተሰጡት ለመንፈሳዊ መዝሙሮቹ ነው። በዚያ በኩል ሁለቱም የሚከራከሩበት ነገር አልነበራቸውም። ሆቴላቸው ሳደርሳቸው ጥሩ ጉርሻ ሰጡኝ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ አገር ቤት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። መኪናዬን አቁሜ፣ ቁጥራቸውን ከአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ አግኝቼ ደወልኩ። ሰማንያ ዓመት ተጠግቷቸዋል፤ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። ሰላምታውን ጨርሰን ዝም ስል፣ «ምነው ልጄ፣ ደኅና አይደለህም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ስለዚያ ማስታወሻ ነው የደወልኩት። ስምዎን አጥፍቼ ስሜን ጻፍኩበት» አልኳቸው። የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ጠፍቶኝ ያወጣሁት ይህንኑ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አውቃለሁ እኮ» አሉኝ። «ሽፋኑን ያኔውኑ አይቼዋለሁ። ልጆቹ አለፉ፤ ለእኔ በቂዬ ነበር። ግን አንድ ቀን ትነግረኛለህ ብዬ ጠብቄህ ነበር።»

ብድር በምድር ይባላል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ሲጠብቁኝ እኔ ያለፈልኝ መስሎኝ ከሃያ ዓመት በላይ ኖርኩ። ስማቸውን በዚህ መጽሔት እንዳወጣ ፈቃድ ብጠይቃቸው፣ «የለም፣ በጋዜጣ አታውጣኝ፤ ለልጆቹ ብቻ ንገራቸው» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ለቀድሞ ተማሪዎቼ የቴሌግራም ቡድን ስማቸውን ከነአባታቸው ጽፌ፣ ማስታወሻው የሳቸው እንደሆነ፣ እኔ ያደረግሁትንም ሳልቀንስ ላክሁ። ዛሬ ነርስ የሆነች አንዲት ተማሪዬ ብዙም ሳትቆይ መለሰችልኝ፤ «መምህር፣ እኛ እናውቅ ነበር። ካርታዎቹን እኮ ሰሌዳ ላይ ሲሥሉ አይተናቸዋል።»

እንግዲህ አስቡት። ሳላውቀው የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስለ ኤልቪስ ምን ፈረድክ የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ድምፁ የራሱ ነው፤ ለዚያ ሙዚቃ የነበረው ፍቅርም እውነተኛ ነበር። በቆዳው ምክንያት የተከፈተለት በር ለክሩዳፕ አልተከፈተም፤ ይህም እውነት ነው። አንዱን እውነት ለማዳን ሌላውን መካድ አያስፈልግም። ሻማውንም ማብራት፣ የክሩዳፕንና የብላክዌልንም ስም መጥራት ይቻላል። ጥቁሩ ሽማግሌ በየዓመቱ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የሚውለው ግን የሚጠራው ሲኖር ነው።

እኛ ስደተኞች ደግሞ በሰው ትከሻ ያልተሻገርን ማን አለን? የመጀመሪያውን ሌሊት ሶፋው ላይ ያሳደረን፣ የመንጃ ፈቃዱን ፈተና ያስጠናን፣ ዋስ የሆነን ሰው አለ። ዛሬ በራሴ ጥረት ነው የምንለው ነገር ሽፋኑ ላይ የማን ስም እንዳለ እንየው። የጎደለ ስም ካለ ባለቤቱ ስልክ እያነሳ ሳለ እንደውል።

ቸር ሰንብቱ።

ከሜምፊስ፣ ቴነሲ