ግምቡና ምእመኑ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሚዛን ተፈሪ ላይ ስለ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሳስተምር፣ «የካቶሊክ ነገር በአገራችን በ1632 አከተመ» ብዬ ዘጋሁ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከኋላ ወንበር አንድ የከፋ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ አያቴም ካቶሊክ ነበሩ» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ አፈርኩ። ዶክተር ተብዬ፣ ደመወዝ የምበላበትን ምድር ታሪክ ከጎንደር ሆኜ ብቻ ስመለከት ኖሬ ነበርና።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ጎርጎራ፣ ኢየሱሳውያን በ1620ዎቹ ያሠሩት «ማርያም ግምብ» አለ። ድንጋዩ በኖራ የተያያዘ፣ ግድግዳው በአበባ ቅርጽ የተፈለፈለ ድንቅ ሕንፃ ነበር። ከጀርባው የንጉሥ አዋጅ ነበረው። ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ይሾሙ አለ። ብዙ ደም ፈሰሰ። ሱስንዮስ በ1632 አዋጁን ሻሩ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አባረሩ። ዛሬ እዚያ የቀረው ፍርስራሽ ነው።

አባ ማስያስ የምንላቸው ካፑቺናዊው ጉሊየልሞ ማሳያ ደግሞ በ1859 ከፋ ገቡ። ሠራዊትም አዋጅም አልነበራቸውም። በአገራችን በቆዩባቸው ዓመታት የፈንጣጣ ክትባት ሰጡ፤ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አዘጋጅተው በ1867 ፓሪስ ላይ አሳተሙ፤ የአገሩንም ተወላጆች ቅስና ሾሙ። የከፋው ንጉሥ በ1861 አስወጣቸው። እኔ በቦንጋ መንገድ ስመላለስ ከእርሳቸው ዘመን የቆመ ግምብ አላየሁም። ቤት በእንጨትና በሣር በሚሠራበት፣ ዝናብ በማያባራበት በዚህ የቡና አገር ምን ይቆያል? ይሁን እንጂ ሮም በ1913 ለደቡብ ከፋ ራሱን የቻለ ሐዋርያዊ አስተዳደር አቋቋመች፤ በ1994 ደግሞ የጅማ-ቦንጋው ተመሠረተ። ያ ተማሪም ከፊቴ ተቀምጧል።

በአንዱ ስፍራ ግምቡ ቀርቶ ምእመኑ ጠፋ፤ በሌላው ግምብ ሳይኖር ምእመን ተገኘ። በአዋጅ እምነትንም ሆነ አስተሳሰብን ለማጽናት የሚሹ ሁሉ ጎርጎራን ሄደው ይዩ። እኛ የታሪክ መምህራን ደግሞ ድንጋይ የሌለበትን አገር ታሪክ እንደሌለው መቁጠራችንን እናቁም። ያ ተማሪ ያስተማረኝ ይህንን ነው።