ሺህ ዋት የተጻፈበት ሣጥን እና የአባቴ ጆሮ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ምርጫ ነው። አትቸኩሉ፣ ኮሮጆም ታዛቢም የለበትም። የሁለት ስፒከሮች ምርጫ ነው። ዳምቦያ ያለው የቤተሰቤ ቤት አዲስ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ገብቶለታል። ከእሱ ጋር የሚሄደውን ስፒከር የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። «ጋዜጠኛ ነህ፣ ስለ ድምፅ ታውቃለህ» ተባልኩ። የፍሪላንስ ጋዜጠኛ ስለ ድምፅ የሚያውቀው መቅጃ መጫን መሆኑን ለቤተሰብ ማስረዳት ከባድ ነው።

አምፑን የላከው ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ከከምባታና ከሐዲያ የሆናችሁ ይህ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። ለሌሎቻችሁ ግን፦ እኛ ዘንድ የብዙ ቤት ቆርቆሮ፣ ኮርኒስና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የሚመጣው እዚያ ከትንሽ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ከሚቆም ሰው ነው። ወንድሜ እዚያ ባንኮኒ ጀርባ ከቆመ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ «ትልቁን ግዛ። ለመሳላ ስመጣ መንደሩ ይስማ።» መሳላ የከምባታ ትልቁ በዓል ነው፣ ከመስቀል ጋር የሚውለው። ራቅ ብሎ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚያስበው ያን ጊዜ ነው።

ሆሳዕና አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ጥንድ ተቀምጦ አገኘሁ። አንደኛው ከወገቤ በላይ የሚደርስ፣ 12 ኢንች ወፈር ያለው፣ ፊቱ ላይ መብራት የሚያበራ፣ «1000 ዋት» የሚል ወርቃማ ወረቀት የተለጠፈበት ነው። እኛ አገር ትልቅ ስፒከር ሁሉ «ሞንታርቦ» ነው የሚባለው፣ የጣሊያን ፋብሪካ ስም መሆኑን ማንም አያስታውስም። ሁለተኛው ጥንድ ጫማ የሚገባበት ካርቶን የሚያክል፣ ጥቁር፣ ያገለገለ፣ ምንም የማያበራ። ትንሹ በሦስት ሺህ ብር ይበልጣል። ባለ ሱቁ ራሱ አፍሮ ነው ዋጋውን የነገረኝ።

እስቲ ከቁጥሩ እንጀምር። ትልቁ ላይ ከሺው ዋት አጠገብ በደቃቅ ፊደል «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ይላል። ይህ አምራቾች የተስማሙበት መለኪያ የሌለው ቁጥር ነው። ፋብሪካው ደስ ያለውን ይጽፋል። ሊታመን የሚችለው ሳይቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው፣ የወንድሜ አምፕ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጎን የሚሰጠው 50 ዋት ነው። ሃምሳ ዋት የሚሰጥ አምፕ ላይ ሺህ ዋት የተጻፈበት ሣጥን ብትሰኩ ሺህ ዋት አይመጣም።

ትንሹ ጀርባ ላይ ግን አንድ ጠቃሚ ቁጥር አለ፦ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ 87 ዴሲቤል። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያወራ ድምፁ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ስለዚህ አንዲት ዋት ብቻ ለሳሎን ከወሬ በላይ ትጮኻለች። ዋት በእጥፍ ሲጨመር የሚገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል 10 ገደማ ያስፈልገዋል፣ ይህም አሥር እጥፍ ዋት ነው። በዋት ቁጥር መፎካከር ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ሌላው ኦም ነው። አምፑ ጀርባ ላይ «ከ6 እስከ 16 ኦም» ይላል። ትንሹ 8 ነው። ትልቁ 4። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው እምቢታ ነው በሉት። እምቢታው በግማሽ ሲቀንስ ከአምፑ የሚሳበው ከረንት እጥፍ ይሆናል፣ አምፑም ይግላል። ባለ ሱቁ «ችግር የለውም ወንድሜ፣ ሁሉም ይሰካዋል» አለኝ። ዝቅ አድርገው ሲከፍቱት እውነትም ችግር ላይታይ ይችላል። በዓል ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ እስከ ጥግ ተከፍቶ ግን ማን ይጠብቀዋል?

ይህ ሁሉ ግን ወንድሜን የሚያሳምን ነገር አይደለም፣ እኔንም ብቻውን አላሳመነኝም። የወሰነው የአባቴ ጆሮ ነው።

አባቴ ሰባውን አልፈዋል። «ሲያወራ ይሰማኛል፣ ምን እንዳለ ግን አላውቅም» ይላሉ። ሰው ይህን ሲሰማ ድምፁን ይጨምርላቸዋል። መፍትሔው ግን ሁልጊዜ መጨመር አይደለም። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ በቅድሚያ የሚለቀው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የንግግር ጉልበት በአናባቢው፣ በወፍራሙ በኩል ነው ያለው። ቃልን ከቃል የሚለየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተነባቢው ነው፣ እሱም ቀጭንና አጭር ነው። «መጣ» እና «መታ» መካከል ያለው ልዩነት ከሰከንድ ስባሪ የማትበልጥ ፍንዳታ ናት። ከምባቲሳም ጠ፣ ጨ፣ ቀ አለው፣ እዚያም ያው ነው። ወፍራሙ ድምፅ ሲበዛ ደግሞ ቀጭኑን ይሸፍነዋል።

ወንድሜ ከምባቲሳና አማርኛ እያቀላቀለ የድምፅ መልእክት ይልካል። አንድ ማታ «ፖሊስ መጣ፣ አይቶን ሄደ» ብሎ የላከውን አባቴ «ፖሊስ መታ» ብለው ሰሙት። እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2015 እና በ2019 እዚያ የውጭ ዜጎች ሱቅ ሲዘረፍ ስልክ ይዞ ያደረ ቤት፣ ይህችን አንድ ፊደል እንደ ቀላል አያያትም። አባቴ ሳይተኙ አደሩ። ጠዋት መልእክቱን መልሼ አጫውቼ በጆሯቸው እስክደግምላቸው ድረስ አላመኑም።

ስለዚህ ሆሳዕና አባቴን ይዤ ሄድኩ። ሱቅ ውስጥ ስፒከር የሚፈተነው በሙዚቃ ነው፣ በተለይ መሬት በሚያናውጠው። እኔ ከስልኬ ዜና ከፈትኩ። አባቴን ፊታቸውን አዙረው አስቀመጥኳቸውና ሁለቱንም በተቻለኝ መጠን እኩል ድምፅ ላይ አድርጌ የሰሙትን እንዲደግሙልኝ ጠየቅኳቸው። በትልቁ ሲሆን «ስለ ገበያ መሰለኝ» አሉ። ዜናው ስለ መንገድ ነበር። በትንሹ ሲሆን ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እሳቸው ቀድመው መለሱ፣ ከዚያም ዜና አንባቢውን ይተቹት ጀመር። ባለ ሱቁ «አባባ፣ እርስዎ ጋዜጠኛ ነዎት እንዴ?» አላቸው። ብስራተ ወንጌል ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲተላለፍ ያደመጠ ትውልድ ነው። የዚያ ዘመን ሬዲዮ ቤት አያናውጥም ነበር፣ ቃሉ ግን ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር ይላሉ።

ትልቁ የማይረባ ነው አላልኩም። ሜዳ ላይ፣ ድንኳን ስር፣ መቶ ሰው በሚያወራበት፣ ትንሹ የት እንደገባም አይታወቅም። ክፍት ቦታ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለው ጉልበት ይጠይቃል። ግን ያ በዓመት ስንት ቀን ነው? ለሠርግና ለበዓል የሚከራይ ሞንታርቦ ሞልቷል። የእኛ ሳሎን ሲሚንቶ ወለል፣ ጠባብ፣ ኮርኒሱ ገና ያልተጠናቀቀ ነው። እዚያ ጥግ ላይ 12 ኢንች ብታስቀምጡ ጥጉ ራሱ ወፍራሙን ድምፅ ይጨምርበታል፣ የሚቀረው ጉምጉምታ ነው። የጎረቤት ነገርም አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል። እኛ ሰፈር በአዋጅ የተከሰሰ ስፒከር አላየሁም፣ የተኮራረፈ ጎረቤት ግን አይቻለሁ።

ትንሹን ገዛሁ። ከጥግ አርቄ፣ አባቴ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ከጆሯቸው ትክክል እንዲሆን በሁለት በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኘሁ፣ አንዱ ጎን ቢገለበጥ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋልና። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ሁሉንም ይውጠዋል። ለእሱ ኮርኒሱን መጨረስ ነው።

ወንድሜ የመጀመሪያውን መልእክት የላከ ቀን አባቴ ማንንም ሳይጠይቁ ራሳቸው መለሱለት፣ ረዥም መልስ። ወንድሜ ግን ለእኔ ለብቻዬ የላከው ሌላ ነው፦ «ጎረቤት ሰማ ወይስ አልሰማም?» አልሰማም ብዬዋለሁ። ለመሳላ ሲመጣ እንከራከራለን።