ያልፈታኋት ብሎን

አምበር ከተማ ሳለሁ፣ ገና በልጅነቴ፣ የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ መልሼ ስገጥም አንዲት ብሎን ተርፋኝ ተገርፌያለሁ። ሬዲዮው ግን ሠርቷል። ያ እጅ የት ገባ እያልኩ ነው ዛሬ የምንገበገበው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሜዲካል ምህንድስና ስማር የእጅ ሥራ መናቅ ጀመርኩ። የልብ ምት ሞገድ በማትላብ ኮድ ማጥራት፣ የራጅ ምስል በፓይተን መለየት፤ ምህንድስና ይኸ ነው አልኩ። መልቲሜትርና ካቻቢቴ የሌላ ሰው ዕቃ መሰሉኝ። ለልምምድ በተመደብኩበት ሆስፒታል፣ ጥገና ክፍል ውስጥ፣ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። «አንተ ልጅ፣ ዘንድሮ እዚሁ ክረም፤ ያለኝን ሁሉ አሳይሃለሁ» አሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ! ፕሮጀክት አለብኝ ብዬ ላፕቶፔን አንጠልጥዬ ሄድኩ።

ተመርቄ በተቀጠርኩበት ሌላ ሆስፒታል አንድ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ቢጫ መብራቱ በርቶ መጣልኝ። አሠራሩን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ዚዮላይት የሚባለው ማዕድን የአየሩን ናይትሮጅን ይይዛል፣ 21 በመቶ የነበረው ኦክስጅን ወደ 93 በመቶ ይወጣል። ቢጫው መብራት ንጽሕናው ወርዷል ማለት ነው። ከክዳኑ ሥር ያለውን ቱቦና ቫልቭ ግን በእጄ ዳስሼ አላውቅም። ኮድ የምጽፍለት ነገር አይደለም። ማጣሪያውን አጠብኩ፤ አልተሻለውም። «ዚዮላይቱ አልቋል፣ ከጥገና በላይ ነው» ብዬ ፈረምኩ። መጋዘን ገባ።

ከሰባት ወር በኋላ ለሌላ ማሽን የመጣ ቴክኒሻን ክዳኑን ከፈተው። ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው ቱቦ ተሰንጥቆ ነበር። የተሰነጠቀውን ቆርጦ፣ በማሰሪያ አጥብቆ ሲያስነሳው ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም።

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የተመራማሪዎቹ የፔሪና የማልኪን ጥናት በ16 አገሮች የ112,040 የሕክምና መሣሪያዎችን መረጃ መርምሮ 38 በመቶ ገደማው አይሠራም ብሏል። ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን የከፈትኩት በዚህ ቁጥር ነው። በገዛ ፊርማዬ አንድ ጨመርኩበት።

ኮዱን አልጠላሁትም። ግን ማትላብ የሚያጠራው ሞገድ መጀመሪያ በደኅና ሽቦ መምጣት አለበት፤ ሽቦውን የሚያድን እጅ ነው።

አካባቢያችን ደጋ ነው፤ ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች። ጤነኛው እንኳ ስስ አየር ነው የሚስበው፤ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃንማ! በእነዚያ ሰባት ወራት ስንቱ በኦክስጅን እጦት ወደ ሌላ ሆስፒታል እንደተላከ መዝገቡን ገልጬ ለማየት አቅም አጣሁ።

ባለፈው ጋሼን ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አሁን ያስተምሩኝ አልኳቸው። እጃቸውን ወደ ፊቴ ዘረጉ፤ ይንቀጠቀጣል። «ዓይኔም ብሎኗን አያይልኝ ልጄ» አሉኝ።